መርፌው ቀዩ ላይ ነበር

የአራተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ሳለሁ መሪነት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ኅብረት ሁለት ዓመት ሰብሳቢ ሆኜ አገልግያለሁ። ማይክ ስይዝ አልፈራም፤ ፕሮግራም ማውጣት፣ ሰው መመደብ፣ የረፈደበትን ደውሎ መቀስቀስ ለምጃለሁ። ካምፓስ ውስጥም የክፍል ተወካይ ነበርኩ። ‹‹የነርሲንግ አመራርና አስተዳደር›› የሚለውን ኮርስ ስንወስድ ውጤቴ ‹‹ኤ›› ነበር። ኩርት ሌዊን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተመውን ጥናት ጠቅሼ፣ አዛዥ መሪ፣ አሳታፊ መሪ፣ ልቅ መሪ እያልኩ ሦስቱን ዓይነት ከነጥቅምና ጉዳታቸው ዘርዝሬ ጽፌ ነበር። መምህራችን ወረቀቴን ለክፍሉ ሁሉ አሳዩልኝ።

ይህ በሆነ በአራተኛው ሳምንት አንዲት የስምንት ወር ሕፃን በእኔ ዝምታ ምክንያት ልትሞት ነበር።

ይህን ታሪክ ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። የጸሎት ጓደኞቼን እንኳ ‹‹ስለ ትምህርቴ ጸልዩልኝ›› ብዬ ነው ያለፍኳቸው። አሁን የምጽፈው ከእናንተ መካከል ነርሲንግ፣ ሚድዋይፈሪ፣ ሕክምና ወይም ሌላ ሙያ እያጠናችሁ ‹‹መሪ ስሆን እንዲህ አደርጋለሁ›› የምትሉ ብዙዎች እንደምትኖሩ ስለማውቅ ነው። እኔም እንደዚያው እል ነበር።

በእኔ ጊዜ የነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት ነበር። በመጨረሻው ዓመት ተማሪው አልጋ አጠገብ ከመሥራት አልፎ አንድ ክፍል እንዴት እንደሚመራ እንዲማር ከክፍሉ ኃላፊ ነርስ ሥር ይመደባል። የተረኞችን ፕሮግራም ማውጣት፣ ታካሚዎችን ለነርሶች ማከፋፈል፣ መድኃኒትና ዕቃ መቁጠር፣ ርክክብ መምራት፣ ከሐኪሞች ጋር መነጋገር ይለማመዳል። ይህ ያለ ምክንያት አልተደረገም። አዲስ ተመራቂ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ትንሽ ሆስፒታል ሲመደብ ‹‹ቀስ ብለህ ልመድ›› የሚለው ሰው ላያገኝ ይችላል። ዲግሪውን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ በዕድሜም በልምድም የሚበልጡትን ሰዎች የሚያስተባብር የፈረቃ ኃላፊ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ‹‹መሪ›› የሚለው ነገር ለነርስ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሹመት አይደለም። አንዳንዴ ከመጀመሪያው ደመወዝ ቀድሞ ይመጣል።

እኔ የተመደብኩት ሕፃናት ክፍል ነበር። ሆስፒታሉንም ከተማውንም አልጠራም፤ ያየሁት ነገር ብዙ ቦታ አለ። ያን ሰሞን ብርዱ የበረታበት ጊዜ ነበርና ክፍሉ የሳንባ ምች በያዛቸው ሕፃናት ተጨናንቋል። ሃያ አራት ሕፃናት፣ ሃያ አራት አስታማሚ እናቶች፣ ሁለት ተረኛ ነርሶች። እኛ ተማሪዎች አምስት ነበርን። የዕለቱ የቡድን መሪ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ‹‹መሪ›› ማለት ግን ለእኔ ጓደኞቼ በሰዓቱ መምጣታቸውን ማየትና ሎግቡካችን መፈረሙን ማረጋገጥ ነበር።

ከመስኮቱ አጠገብ ያሉት ሁለት ሕፃናት አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ይጋሩ ነበር። አንደኛው በደቂቃ ሁለት ሊትር፣ ሌላዋ በደቂቃ አንድ ሊትር ታገኛለች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሙቀትና ትንፋሽ ልለካ ስሄድ ዓይኔ በሲሊንደሩ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ ላይ አረፈ። መርፌው ቀዩ ክልል ውስጥ ገብቶ 10 ላይ ቆሟል።

አየሁት። በደንብ አየሁት።

አዋቂዋ ተረኛ ነርስ ከክፍሉ ማዶ አንድ ሕፃን ደም ሥር ውስጥ ካኑላ ለማስገባት ጎንበስ ብለው እየታገሉ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት በዚሁ ክፍል አንድ ጥያቄ ጠይቄያቸው በሰው ሁሉ ፊት ‹‹አንቺ ተማሪ ነሽ፤ ዝም ብለሽ እዪ›› ብለውኝ ነበር። ያ ቃል አልወጣልኝም። በዚያ ላይ ያደግሁት ልጅ በትልቅ ሰው ወሬ መሃል በማይገባበት ቤት ነው። በልቤ ‹‹ሲስተር ያውቁታል። የሚያውቁትን ብነግራቸው ልታስተምሪኝ ነው ይሉኛል›› አልኩ። የለካሁትን በሚያምር ጽሑፍ ቻርቱ ላይ መዘገብኩና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ።

አሁን ተማሪዎቼን በመጀመሪያው ቀን የማሠራቸው አንድ ሒሳብ አለ። ሲሊንደሩ 40 ሊትር የሚይዝ ከሆነና መለኪያው 10 ባር ካሳየ የቀረው ኦክስጅን 40 ሲባዛ በ10፣ ወደ 400 ሊትር ነው። ሁለቱ ሕፃናት አንድ ላይ በደቂቃ ሦስት ሊትር ይወስዳሉ። 400ን ለ3 ስናካፍል ወደ 133 ደቂቃ ይሆናል፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ አይሞላም። የአራተኛ ክፍል ልጅ የሚሠራው ሒሳብ ነው። ያን ማታ ግን አልሠራሁትም፤ አፌን ዝም ለማሰኘት ስሞክር አእምሮዬም አብሮ ዝም ብሎ ነበር።

አምስት ሰዓት ከሩብ ገደማ አንዲት እናት ‹‹ልጄን! ልጄን ድረሱልኝ!›› ብላ ጮኸች። ስንደርስ የፍሰት መለኪያው ውስጥ ያለችው ኳስ ታች ወርዳ ተቀምጣለች። የስምንት ወሯ ሕፃን ከንፈር ጠቁሯል፤ አፍንጫዋ በየትንፋሹ ይከፈታል፣ ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። ጣቷ ላይ የተደረገው መለኪያ 71 ይላል። በሕፃናት ላይ ከ90 በታች ሲሆን ኦክስጅን እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይላል። ሙሉ ሲሊንደር ኮሪደሩ ላይ ነበር። መክፈቻው ቁልፍ ግን የለም። አንዱ ‹‹መሳቢያ ውስጥ›› ይላል፣ ሌላው ‹‹ድንገተኛ ክፍል ወስደውታል›› ይላል። እኔ በእጄ የያዝኩትን እስክሪብቶ ይዤ ቆሜያለሁ።

ያዳናቸው ያቺው የፈራኋት ነርስ ናት። ቁልፉን መፈለግ ተወች። ሕፃኗን ከእናትየው እቅፍ ተቀብላ ‹‹አንቺ ሌላውን ያዢ፣ ተከተዪኝ!›› አለችኝ፤ ሮጠን ኮሪደሩን ተሻግረን ኦክስጅን የሚያመርት ማሽን ወዳለበት ክፍል ገባን። ቁጥሩ 71፣ 78፣ 85 እያለ ወጣ። 93 ላይ ሲደርስ ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ጠዋት ርክክብ ላይ የክፍሉ ኃላፊ መጡ። ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ግን ሲገቡ ሁሉም የጋወኑን ቁልፍ የሚቆልፍላቸው ሴት ነበሩ። የሌሊቱን ነገር ቆመው ሰሙ። ‹‹ማነው ያጠፋው?›› ይላሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ‹‹መርፌውን ማታ ያየ ሰው ነበር?›› አሉ።

ማንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልኩ።

ከርክክቡ በኋላ ቢሯቸው በር ላይ ብዙ ቆምኩ። እዚያ ቆሜ የጸለይኩት አጭር ጸሎት እስከ ዛሬ ከጸለይኳቸው ሁሉ እውነተኛው ይመስለኛል፤ ‹‹ጌታ ሆይ፣ ከመግባቴ በፊት እንዳልሸሽ›› የሚል ነበር። አንኳኩቼ ገባሁ።

‹‹ሲስተር፣ እኔ አይቼው ነበር።››

‹‹ስንት ላይ ነበር?››

‹‹10 ላይ።››

‹‹ሰዓቱስ?››

‹‹ሦስት ሰዓት።››

‹‹ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?››

‹‹የሚያውቁት መስሎኝ ነው›› አልኩ። ዝም ብለው ሲያዩኝ ግን ቃሉ ራሴን አላሳመነኝም። ‹‹ፈርቼ ነው›› አልኩ።

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ‹‹ስሚኝ ልጄ፤ አንቺ ፈርተሽ ዝም ያልሽው አንድ ጥፋት ነው። ተማሪ የሚፈራበት ክፍል ያደረግነው ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። የራስሽን አንቺ ያዢ፤ የእኔን ለእኔ ተዪልኝ።›› ከዚያ ‹‹በርቺ፣ እንባሽን ጥረጊ። ሥራ አለን›› አሉኝ።

ያ ‹‹ሥራ አለን›› የሚለው ቃል የአራት ዓመት ትምህርቴ ማጠቃለያ ሆነ ብል አላጋነንኩም። የዚያኑ ዕለት ሦስት ነገር ተደረገ። መጀመሪያ፣ የሲሊንደሩን ቁልፍ አስፈልገው አስመጡና በቁስል መጠቅለያ ጎዝ ፈትለን ሲሊንደሩ አንገት ላይ አሠርነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ቁልፍ አልጠፋም። ቀጥሎ፣ በየርክክቡ የሲሊንደሩ ግፊትና የቀረው ሰዓት የሚጻፍበት አንድ ገጽ ቅጽ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ፤ ለሁለት ሳምንት የቅጹ ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ሦስተኛው ግን ከሁሉ የከበደው ነበር። ርክክቡ ቢሮ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በየአልጋው አጠገብ ሆነ፤ ሲያልቅም ሲስተር ሁልጊዜ ከሁላችን በዕድሜ ወደምታንሰው ተማሪ ዞረው ‹‹እኛ ያላየነው፣ አንቺ ያየሽው ነገር አለ?›› ብለው ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ከታናሽ ነው የሚጀምሩት። ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ያንኑ እንደሚደግም ያውቁ ነበር።

ተረኛዋን ነርስ በሰው ፊት አልወቀሷትም። ሃያ አራት ሕፃን ለሁለት ሰው መስጠት የማን ጥፋት እንደሆነ ወደ ላይ ደብዳቤ ጻፉ። ከነርሷ ጋር ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ በማግስቱ ግን እሷ ራሷ ሻይ ገዝታ ጠራችኝና ‹‹ሌላ ጊዜ ስታዪ ብጮህብሽም ንገሪኝ›› አለችኝ።

ሕፃኗ በስድስተኛው ቀን ወደ ቤቷ ሄደች። እናትየው ስትወጣ ፈልጋ አገኘችኝ። ‹‹ሲስተርዬ፣ ያን ሌሊት ስትሮጪ አይቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ወልደሽ ሳሚ›› ብላ ሁለት ብርቱካን እጄ ላይ አደረገች። ሌሊት ስሮጥ አይታኛለች፤ ማታ ሳልፋት ግን አላየችኝም። አሜን ማለት አቅቶኝ ነበር። ብርቱካኖቹን መብላትም አልቻልኩም፤ ለክፍል ጓደኞቼ ሰጠኋቸው።

ከዚያ በኋላ ያለፈኝን ነገር ለመረዳት ማንበብ ጀመርኩ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል የምትባለውን ሴት ሁላችንም ፋኖስ ይዛ በሥዕል ነው የምናውቃት። እ.ኤ.አ. በ1854 ወደ ክሪሚያ ጦርነት ሄዳ ቁስለኞችን በስኩታሪ ረዳች፤ በ1860 ለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተላት። በ1859 ስለ ነርስነት ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ግን ስለ ጥቃቅን አስተዳደር የጻፈችው አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ ሲጨመቅ፣ የኃላፊ ጥበብ እሱ ባለበት የሚደረገው ነገር በሌለበትም እንዲደረግ ማመቻቸት ነው የሚል ነው። ያን ሳነብ በጎዝ የታሠረው ቁልፍ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የክፍላችን ኃላፊ ያን ሌሊት ቤታቸው ተኝተው ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሌሊቶችም ተኝተው ነበር። ቁልፉ ግን በቦታው ነበር።

የእኛም አገር ምሳሌ አላት። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ቤተሰቧ በስደት እንግሊዝ ሳለ ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሥልጠና ወስዳ እ.ኤ.አ. በ1939 አጠናቀቀች። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆና መንገዷን የጀመረችው ከታመመ ሕፃን አልጋ አጠገብ ነው። በ1942 ለቀምት ሳለች በ22 ዓመቷ አረፈች፤ በኋላም አዲስ አበባ ውስጥ በስሟ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራላት። ጎንደር ደግሞ በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ግቢ ያሠለጥን ነበር። የተለያየ ሙያ የሚማሩ ተማሪዎችን አንድ ላይ ወደ ጤና ጣቢያዎች የሚልከው የቡድን ሥልጠናም እዚያ ነው ሥር የሰደደው። አብረው ያልተማሩ ሰዎች አብረው መሥራት እንደሚከብዳቸው ቀድሞ የገባው ሰው ነበር ማለት ነው።

ዝምታ የሚገድለው ደግሞ በሆስፒታል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1977 ቴነሪፍ ደሴት ላይ ሁለት ግዙፍ አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ለመነሣት ይንደረደር በነበረው አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ከመንገዱ ወጥቷል ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ከፍተኛ ልምድ የነበረው ዋና አብራሪ ወጥቷል ብሎ ቀጠለ፤ መሐንዲሱም ጥያቄውን አልደገመም። ከእንዲህ ዓይነት አደጋዎች በኋላ የአየር መንገዶች ታናሹ ሠራተኛ በግልጽ እንዲናገር፣ ታላቁም እንዲሰማ ማሠልጠን ጀመሩ። እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም ነበር።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ መናገር ‹‹ደፋር ሁን›› ሲባል የሚመጣ ስላልሆነ ነው። መናገር የሚለመድ ሙያ ነው። በአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ውስጥ ተጀምሮ ወደ ሆስፒታል የገባ ‹‹ኤስባር›› የሚባል አራት ደረጃ ያለው አነጋገር አለ፤ አሁን ምን እየሆነ ነው፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን እንዲደረግ እጠይቃለሁ። ያን ማታ ይህን ብለምደው ኖሮ እንዲህ እል ነበር፤ ‹‹ሲስተር፣ የአልጋ ሰባትና ስምንት ኦክስጅን 10 ላይ ነው። ሁለቱም ከጠዋት ጀምሮ ያለ ኦክስጅን አይችሉም። እስከ አምስት ሰዓት ከሩብ የሚያልቅ ይመስለኛል። አሁኑኑ እንድንቀይረው እጠይቃለሁ።›› ሃያ ሴኮንድ አይፈጅም። ንቀትም የለበትም፤ ታላቅን ማክበርም አልጎደለበትም። እንዲያውም ታላቅን ማክበር ማለት ከሚመጣበት ነገር ማስጠንቀቅ መሆኑን ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

ዛሬ እኔ በሌላ ሆስፒታል ነርስ ነኝ፤ ለአታችመንት የሚመጡ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችንም እከታተላለሁ። መጀመሪያ የኦክስጅኑን ሒሳብ አሠራቸዋለሁ። ከዚያ በየቀኑ አንዱ የቡድኑ እውነተኛ ኃላፊ ይሆናል፤ ሎግቡክ የሚያስፈርም ሳይሆን ታካሚ የሚያከፋፍል። ሲያከፋፍል አምስት ጥያቄ ይመልስልኛል፤ ሥራው ለሌላ ሊሰጥ የሚችል ነው ወይ? ጊዜውና ሁኔታው ይፈቅዳል ወይ? የምትሰጠው ሰው ይችለዋል ወይ? ምን እንደምትፈልግ በግልጽ ነግረኸዋል ወይ? ተመልሰህ ታየዋለህ ወይ? ብዙ ተማሪ በመጨረሻው ላይ ይወድቃል። ‹‹ነግሬያታለሁ›› ይላል። ‹‹ሄደህ አይተሃል?›› ስለው ዝም ይላል። በቀኑ መጨረሻ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ እንቀመጥና ሁሉም ዛሬ አይቶ ያልተናገረውን አንድ ነገር ይናገራል። የመጀመሪያው ሳምንት ሁሌም ‹‹ምንም የለም›› ነው። በሁለተኛው ሳምንት ይመጣል።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህን ሁሉ ማስተማር ቀላል ነው። የከበደኝ ሌላ ነው።

ባለፈው ዓመት ከመጡት ተማሪዎች መካከል አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ሲናገር ድምፁ አይሰማም፤ ጓደኞቹም ‹‹ይህ ደግሞ መሪ ይሆናል?›› እያሉ ይቀልዱበታል። እኔም በልቤ ከእነሱ ብዙ አልራቅሁም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሥራ በዝቶብኝ ለአንድ ሕፃን የሚሰጠውን ጄንታማይሲን አሰላሁ። ቻርቱ ላይ የተጻፈው ክብደት 16 ኪሎ ነው፤ በኪሎ 7.5 ሚሊግራም ሲሰላ 120 ይመጣል። ‹‹ቅዳና አምጣ›› አልኩት። ሄደ። ቆየ። ስድስት ሰው፣ ሁለት ሐኪምና አስታማሚዎች ባሉበት ባዶ እጁን ተመልሶ መጣ።

‹‹ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጁ 16 ኪሎ አይመስልም። ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ 11 ነው። በ11 ሲሰላ 82.5 ነው የሚመጣው። መድኃኒቱ ለኩላሊትና ለጆሮ ጉዳት እንዳለው ተምረናል። እባክዎ አንድ ጊዜ ይዩት።››

ፊቴ ጋለ። ከአፌ ሊወጣ የነበረውን ቃል አውቀዋለሁ፤ ከብዙ ዓመት በፊት ለእኔ የተነገረኝ ቃል ነበር፤ ‹‹አንተ ተማሪ ነህ።›› ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ያቺ የፈራኋት ነርስ ክፉ ሰው እንዳልነበረች ያን ጊዜ ገባኝ። ደክሟት ነበር፤ አፍራ ነበር፤ ሰው ያያት ነበር። እኔም ያን ጠዋት እንደዚያው ነበርኩ።

ሄጄ ሚዛኑን አየሁ። 11 ኪሎ። አንድ ሰው ሲጽፍ ተሳስቷል፤ እኔም ልጁን ሳላይ ወረቀቱን አምኜ ነበር። ተመልሼ እነዚያው ስድስት ሰዎች በቆሙበት ‹‹ትክክል ነህ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አመሰግናለሁ›› አልኩት። ይህን አረፍተ ነገር ለመናገር የወሰደብኝ አቅም በሕዝብ ፊት ማይክ ከያዝኩባቸው ቀናት ሁሉ ይበልጣል። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ አንዷ ‹‹እኔም ጠዋት ያየሁት ነገር ነበር፣ ሲስተር›› ብላ መጣች። በማግስቱ ሦስተኛው መጣ።

ያ ልጅ አሁን ተመርቋል፤ ጤና ጣቢያ ነው ያለው። ድምፁ አሁንም ዝቅ ያለ ነው ይላሉ። የሚሠሩት ሰዎች ግን ጠጋ ብለው ያዳምጡታል።

አንዳንዴ እሑድ የወጣቶች ኅብረታችን ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ሰብሳቢዎቹን አያለሁ። ጎበዞች ናቸው፤ ከእኔ ይሻላሉ። ግን ዓይኔ ከመድረኩ ይልቅ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት የቀረችውን ልጅ ያየ ማን ነው? አገልጋዩ ሲሳሳት በፍቅር ሊነግረው የሚችል አለ ወይ? ታናሹ ሲናገር የመድረኩ ሰዎች ፊት ምን ይመስላል? በየቤታችን፣ በየካምፓሱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ መለኪያ አለ፤ መርፌው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ አንድ ሰው አይቶታል።

የዚያች ሕፃን ዕድሜ አሁን ትምህርት ቤት የሚያስገባት ነው። እናቷን ባገኛት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ምን እንዳየሁ ልነግራት እፈልጋለሁ። ይቅር ትለኝ ይሆናል፣ ላትለኝም ትችላለች፤ መብቷ ነው። ብርቱካኖቹን ግን የተቀበልኩት ባልሠራሁት ሥራ መሆኑን ማወቅ ይገባታል። እስከዚያው፣ ወደ ሥራ በገባሁ ቁጥር ጋወኔን ሳልቆልፍ በፊት ወደ ሲሊንደሮቹ እሄዳለሁ። መርፌውን አያለሁ፤ ቁልፉ መታሠሩን በእጄ እነካለሁ። ከዚያ ከሁሉ ታናሽ ወደሆነችው ተማሪ ዞሬ ‹‹እኛ ያላየነው፣ አንቺ ያየሽው አለ?›› እላታለሁ። መልሷንም ቆሜ እጠብቃለሁ።